ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ማንን እንጠይቅ?

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፅጌ ዱጉማ በ800 ሜትር፣ ፍሬወይኒ ኃይሉ በ1,500 ሜትር የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ወርቅ ያጠለቁት ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ላይ ነው። ውድድሩ የተካሄደበትን ኤምሬትስ አሬና የሚያስተዳድረው ግን የከተማው አስተዳደር በቀጥታ አይደለም። የስፖርት ፌዴሬሽንም አይደለም። በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሻምፒዮናው ሲያልቅና ካሜራው ሲነሳ እዚያው ግቢ የሰፈሩ ሰው ባድሜንተን ይጫወታል፣ ጂም ይሠራል።

ድርጅቱ ግላስጎው ላይፍ ይባላል። የከተማው ምክር ቤት ያቋቋመው በ2007 ነው (ከዚህ በኋላ ዓመታቱ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሙዚየሙን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ መዋኛውን፣ የስፖርት ማዕከሉን፣ የሰፈር አዳራሹን ጠቅልሎ አስረከበው። ከ1901 ጀምሮ ያለው የኬልቪንግሮቭ ሙዚየምም በእሱ እጅ ነው። መግቢያው በነፃ ነው። አብዛኛውን ቀን በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ ትልቁ ኦርጋን ይደመጣል። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ልጅ ያዘለችው እናት ቆመው ይሰማሉ። ማንም ትኬት አይጠይቃቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አድናቆቴን ሳልቆጥብ ነው የምናገረው።

አንድ ከተማ የራሱን ሥራ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ለምን ይሰጣል? ዋናው ምክንያት ግብር ነው። በስኮትላንድ ሕግ በጎ አድራጎት ድርጅት ከሚይዘው ሕንፃ ግብር 80 በመቶው ይቀነስለታል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ጥቅምም አለው። ከዕርዳታ ሰጪዎች ገንዘብ መጠየቅም ይቀለዋል። በ2017 የሕንፃ ግብሩን የመረመረ ቡድን ይህ ቅናሽ ይቅር ብሎ ነበር፤ ከመንግሥት አንዱ ኪስ ወደ ሌላው ከማዘዋወር አይለይም በሚል ሐሳብ። የስኮትላንድ መንግሥት ግን ለነባሮቹ ድርጅቶች ቅናሹ እንዲቀጥል ወሰነ። ትክክል ነበር እላለሁ። ቅናሹ ቢነሳ ዱላው የሚያርፈው መዋኛና ቤተ መጻሕፍት ላይ ነበርና።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ገቢው ሁለት እግር አለው። አንዱ ምክር ቤቱ የሚመድበው ገንዘብ ነው። ሌላው ከጂም አባልነት፣ ከትኬት፣ ከካፌ የሚገኘው ነው። በመጋቢት 2020 ኮቪድ ሲመጣ በሮቹ በሙሉ ተዘጉ። ሁለተኛው እግር በአንድ ጀምበር ተቆረጠ። በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚሰጥ ዋስትና ገባ። ትልቅ ገንዘብ ነው። ያም ሆኖ ከ171 ቦታዎች መካከል ይከፈታሉ የተባሉት ከ90 ትንሽ ከፍ የሚሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ተንጠልጥለው ቆዩ።

ከተንጠለጠሉት አንዱ የሜሪሂል ቤተ መጻሕፍት ነበር። በ1905 የተከፈተ፣ ጠንካራ የድንጋይ ሕንፃ ነው። የተሠራው የስኮትላንድ ተወላጁ የአሜሪካ የብረት ከበርቴ አንድሩ ካርኔጊ በ1901 ለግላስጎው ከሰጠው 100,000 ፓውንድ ነው። ካርኔጊ ሲለግስ የታወቀ ደንብ ነበረው። ሕንፃውን እኔ አሠራለሁ፤ መሬቱን፣ መጽሐፉንና የሠራተኛውን ደሞዝ ግን ከተማው ከግብር ይቻል ይላል። ቃል ካልገቡለት ገንዘቡን አይሰጥም። ለጋሹ ከመቶ ዓመት በፊት የገባው ነገር ይኼ ነው፦ ልግስና ሕንፃ ሊያቆም ይችላል፣ በሩን በየቀኑ ከፍቶ የሚያቆየው ግን ተጠያቂ የሆነ አስተዳደር ነው።

በ2021 የሰፈሩ ነዋሪዎች በየሳምንቱ መጽሐፍ ይዘው እየመጡ በተዘጋው ቤተ መጻሕፍት ደጅ ላይ ያነቡ ነበር። ልጆችም ይመጡ ነበር። በኋይትኢንችና በሌሎች ሰፈሮችም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች አቤት የሚሉት ለማን ነው? ምክር ቤቱን ቢጠይቁ የአስተዳደር ውሳኔው የግላስጎው ላይፍ ነው ሊላቸው ይችላል። ግላስጎው ላይፍን ቢጠይቁ ምክር ቤቱ በሰጠኝ ገንዘብ የምችለው ይህን ነው ሊላቸው ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ አንዱ በሌላው ለማላከክ የሚመች አሠራር ተዘርግቷል። በመጨረሻ የስኮትላንድ መንግሥት ለአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት 1.25 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። ከዚያው ላይ ለግላስጎው ደረሳትና ተዘግተው የነበሩት ቤተ መጻሕፍት ተከፈቱ። ነዋሪው ባይጮህ ኖሮ የሚከፈቱ አይመስለኝም።

ጉዳዩን የሚያወሳስብ ሌላ ነገር አለ። በድርጅቱ ቦርድ ውስጥ የምክር ቤት አባላትም ይቀመጣሉ። በጎ አድራጎት ሕጉ የቦርድ አባል የድርጅቱን ጥቅም እንዲያስቀድም ያስገድዳል። ገንዘብ ሲያልቅ መዝጋትን መደገፍ ግዴታው ሊሆን ይችላል። ያው ሰው ግን የተመረጠው የሰፈሩን ሕዝብ ጥቅም እንዲያስከብር ነው። አንድ ሰው በሁለት ወንበር ተቀምጦ የመረጠውን ሕዝብ ፊት ለፊት ማየት ይከብደዋል።

ውሳኔው የማን እንደሆነ ሲታወቅ ግን ሥራው እንዴት እንደሚያምር ያችው ከተማ አሳይታለች። የሙዚየሞቹ ቅርሶች የከተማው ንብረት ናቸው፤ ድርጅቱ የሚያስተዳድራቸው በአደራ ነው። ስለዚህ በ2022 ቅርስ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ምክር ቤቱም 51 ቅርሶች እንዲመለሱ ወሰነ፦ ከጥንቱ የቤኒን መንግሥት የመጡ 19 ነሐሶች ለናይጄሪያ፣ 25 ለአሜሪካ ነባር ሕዝብ ለላኮታ፣ 7 ለህንድ። ከህንዶቹ ውስጥ ከቤተ መቅደሶች የተወሰዱ የድንጋይ ቅርጾች አሉ። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ቅርስ አውጥቶ መስጠትን የሚገድበው የ1963ቱ ሕግ እጄን አስሮኛል ሲል፣ በግላስጎው ግን በስም የሚታወቁ ሰዎች ይመለስ ብለው ወሰኑ። ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት ከኤድንብራ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ ገብቷል። ገና ያልተመለሰውም ብዙ ነው።

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባም ጥያቄው መምጣቱ ስለማይቀር ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል። በየሰፈሩ የኳስ ሜዳና የወጣት ማዕከል እየተሠራ ነው። መገንባቱ አንድ ነገር ነው፤ አምፖሉን መቀየር፣ መጽሐፉን ማደስ፣ የጥበቃውን ደሞዝ በየወሩ መክፈል ሌላ ነው። አንድ ቀን እነዚህን ለማኅበር ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት እናስረክብ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። የማኅበር ሰው ከቢሮ ሰው ይልቅ ለሰፈሩ ይቀርባል፤ የበጎ ፈቃደኛ ጉልበትም ያስገኛል።

ግን ርክክቡ ሲፈረም ውሉ ለነዋሪው ይፋ ይሁን። ከተማው በየዓመቱ የሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ ለ5 ዓመት በቁጥር ይጻፍበት። የትኬት ገቢ ቢቀንስ ጉድለቱን ማን እንደሚሸፍን ይገለጽ። ቤተ መጻሕፍት ወይም ሜዳ መዝጋት ሲፈለግ ደግሞ ቦርዱ ብቻውን አይወስን። ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፣ አባላቱ በግልጽ ድምፅ ይስጡበት፣ ማን ደግፎ ማን እንደተቃወመም በዚያው ሰፈር ይለጠፍ።