ቀዳዳው ተደፈነ፤ የልብ ምቱስ?

ልጃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ሆኖ ደጅ የቆሙ እናትና አባት የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው፤ «ተሳክቷል» የሚለውን። ከዚያ በኋላ የሚነገራቸው ብዙም አይሰማቸውም፤ እንባው ይቀድማል። እኔ ግን ያ ቃል ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። የልቡ ቀዳዳ ተደፍኖ የልብ ምቱ ገና ያልተረጋጋ ሊሆን ይችላል። ይህንን ወላጅ ከሐኪሙ አፍ መስማት አለበት፤ የልብ ምቱን የሚከታተለው ማሽን (ሞኒተሩ) ሌሊት ሲጮህ ደንግጦ መሆን የለበትም።

ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ምልክቱ ከላይኛው ክፍል ይነሳል፤ መሃል ላይ ባለች ትንሽ መገናኛ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። መገናኛዋና ከእሷ የሚወርደው መስመር ከሌላው የልብ ሥጋ ተለይተው ለዓይን አይታዩም። ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚደፈነው ቀዳዳ ጠርዝ አጠገብ ነው። ስለዚህ ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ፣ በስፌቱ ወይም በእብጠቱ የተነሳ መስመሩ ሊቆጣ ወይም ሊቋረጥ ይችላል።

ሲቆጣ፣ ያ መሃለኛ ቦታ በራሱ ምት ማመንጨት ይጀምራል። በደቂቃ ከ170 በላይ፣ አንዳንዴም ከ200 በላይ። ይህን ከመሃለኛው ቦታ የሚነሳ የምት ሩጫ የልጆች ልብ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ጄት» (JET) ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። የላይኛውና የታችኛው ክፍል ተራቸውን ይስታሉ። ልብ ደም ሳይሞላ ይመታል፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ንዝረት ለማስቆም መሞከር እዚህ ላይ አይሠራም።

ልቤን የሚነካው ሕክምናው ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ትኩሳቱን ማውረድ ነው። ሲያስፈልግ ሰውነቱ እስከ 34 እና 35 ዲግሪ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ልጁ እንዲያንቀላፋና ሕመም እንዳይሰማው መድኃኒት ይሰጠዋል። እንደ አድሬናሊን ያሉ ልብን የሚያስቸኩሉ መድኃኒቶች ከተቻለ ይቀነሳሉ። ማግኒዥየምና ፖታሲየም ከጎደለ ይተካል። ካልሆነ አሚዮዳሮን የተባለ የልብ ምት ማረጋጊያ መድኃኒት ይጨመራል። ምቱ ቀነስ ሲል ደግሞ የላይኛውን ክፍል በሽቦ ትንሽ ቀደም እያደረጉ ይመቱታል፤ ላይና ታች እንደገና ተራ እንዲይዙ። ጄት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ትግሉ እነዚያን ቀናት ለማለፍ ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብላ የልጁን ሙቀት የምትለካው ነርስ ልብ እያከመች ነው። እንደዚያ ሊታይላት ይገባል።

መስመሩ ሲቋረጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከላይ የተነሳው ምልክት ወደ ታች አይደርስም። በ1950ዎቹ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዶክተር ዋልተን ሊልሃይ የልጆችን ልብ እየከፈተ ይጠግን ነበር። መስመሩ የተቋረጠባቸው ልጆች ግድግዳ ላይ በተሰካ መሣሪያ ይታገዙ ነበር። ጥቅምት 1957 (በፈረንጆች) መጨረሻ ላይ ከተማው መብራት ጠፋበት። ሊልሃይ በባትሪ የሚሠራ ነገር እንዲሠራለት ኧርል ባከን የተባለውን መሐንዲስ ጠየቀው። ባከንም የሙዚቃ ምት ለሚቆጥር መሣሪያ በመጽሔት ወጥቶ የነበረን ንድፍ ተጠቅሞ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንገት የሚንጠለጠል ፔስሜከር፣ ማለትም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ፣ ሠራ። ይህ ዕቃ የተወለደው ለእነዚህ ልጆች ተብሎ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ቀጫጭን ጊዜያዊ ሽቦዎች ልብ ላይ ይተዋሉ። ከደረት ወጥተው ከውጭ ፔስሜከር ጋር ይገናኛሉ። መስመሩ ከተቋረጠ በዚህ ፔስሜከር እየታገዙ ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በብዙ ልጆች መስመሩ በዚህ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ቋሚ ፔስሜከር ይገባል። ለትንሽ ሕፃን ሽቦው ልቡ ላይ ከውጭ ይሰፋል፤ ባትሪው ሆዱ ላይ ይቀመጣል። ያቺ የጥበቃ ሳምንት ለወላጅ ረጅም ናት። ለምን እንደሚጠበቅ በየቀኑ ቢነገራቸው ምን አለበት?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀዶ ሕክምናው ልብ ላይ የሚተወው ጠባሳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ የኤሌክትሪኩ ምልክት ጠባሳውን እየዞረ ልብን ሊያስሮጥ ይችላል። ፎንታን (የሚሠራው የልብ ታችኛ ክፍል አንድ ብቻ ለሆነ ልጅ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና) የተሠራላቸው፣ የፋሎት ችግር (አብሮ የሚወለድ የተደራረበ የልብ ጉድለት) የተጠገነላቸው ልጆች ይህን ያውቁታል። መስመሩ ተቋርጦ የተመለሰለት ልጅም ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊቋረጥበት ይችላል። መፍትሔ አለው። የተበላሸውን መንገድ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ማቃጠል ይቻላል፤ አደገኛ ምት ሲመጣ የሚያስቆም መሣሪያም ይተከላል። ግን ማን ይከታተለው? ልጁ «ድኗል» ተብሎ ቤቱ ከገባ ቆየ።

ወላጅን ማስፈራራት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሚያስፈራው እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ የወደቀን ልጅ «ደክሞት ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ልብ ድንገት ሲሮጥ፣ ሕፃን ጡት እየጠባ ሲያልበውና ሲገረጣ፣ ወላጅ ወዴት እንደሚሮጥ ማወቅ አለበት።

የምለምነው አንድ ወረቀት ነው። የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ስም ይጻፍበት። መስመሩ ተቋርጦ ከነበረ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ሲወጣ የተነሳው ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ቀጣዩ ሆልተር (ልጁ ለብሶት የሚውልና የሚያድር የልብ ምት መመዝገቢያ) መቼ እንደሆነ ይጻፍበት። ቅጂው እናትየው ጋ ይቀመጥ። ልጁ ማንበብ ሲችል ለራሱ ይሰጠው፤ ወደ አዋቂዎች ሐኪም ሲዛወር ይዞት የሚሄደው እሱ ነውና።