አምፖሉን ትተን ቦይለሩን እንመልከት

ኤሌክትሪክ ቆጥቡ ሲባል አብዛኞቻችን የምንቸኩለው አምፖል ለማጥፋት ነው። ልጆቻችንንም የምንቆጣው በዚሁ ነው። ማጥፋቱ ጥሩ ልማድ ነው፤ ስሌቱን ሠርቶ ላየ ሰው ግን ቁጣችን ቦታውን ስቷል።

100 ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ሦስት ሳምንት ይበራል። ነገሩ የገባኝ አንድ ማለዳ ማንም ገላውን ሳይታጠብ የቦይለሩን፣ ማለትም የውኃ ማሞቂያ በርሜላችንን፣ ቆርቆሮ በእጄ ስነካ ነው። ለብ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው የማይገባበትን ጠባብ ክፍል ሲያሞቅ አድሯል፤ ያመለጠውንም ሙቀት ለመተካት እየተነሣ ሲሠራ ቆጣሪው ቆጥሯል።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት የሞቀውን ውኃ ሙቀቱን ይዞ እንዲቆይ እናድርግ። በርሜሉን ሙቀት በማያስተላልፍ ልባስ መጠቅለል ቀላል ሥራ ነው (በጋዝ የሚሠራ ከሆነ የአየር ማስገቢያውና የጭስ መውጫው ፈጽሞ መሸፈን የለባቸውም)። ከበርሜሉ የሚወጣው ቧንቧም እንዲሁ ይልበስ። የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር የሆነ የ10 ሜትር ቧንቧ ከ3 ሊትር በላይ ውኃ ይይዛል። ሙቅ ውኃ እስኪመጣ እያልን የምናፈስሰው ይህንኑ ነው፤ ስንዘጋም ያን ያህል ሙቅ ውኃ እዚያው ቀርቶ ይቀዘቅዛል። ቤት የሚሠራ ሰው ማሞቂያውን ከመታጠቢያው አጠገብ ቢያደርገው ይህ ብክነት ከመነሻው ይቀራል።

በአንድ ምክር ግን አልስማማም። ለቁጠባ ሲባል በበርሜል የሚቀመጥ ውኃ ሙቀት ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ ይበል የሚሉ አሉ። ሊጂዮኔላ የተባለው፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያስከትል ባክቴሪያ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ነው። በርሜሉ 60 ዲግሪ ላይ ይሁን፤ ቁጠባው ከሻወሩ ይምጣ። በደቂቃ 15 ሊትር የሚያፈስሰውን የሻወር ራስ 8 ሊትር በሚያፈስስ መተካት የሚሞቀውን ውኃ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ክፍል ማሞቅም ከዚህ አይለይም። ሙቀት በጣሪያና በመስኮት ክፍተት እየወጣ ትልቅ ማሞቂያ መትከል በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን በ1852 ሐሳቡን ያቀረበው፣ ዛሬ ሂት ፓምፕ የምንለው መሣሪያ፣ ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ ስለሚያስገባ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ያህል ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ሙቀት በሚያፈስስ ቤት ውስጥ ግን ክፍሎቹን ለማሞቅ በቧንቧ የሚልከውን ውኃ ይበልጥ እንዲያሞቅ ስለሚገደድ ይህ ብልጫው ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የተከራይ ጉዳይ ነው። ማሞቂያውን የሚመርጠው አከራዩ ነው፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ተከራዩ። አከራዩ ርካሹን ቢገዛ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ተከራዩ ደግሞ የሰው ጣሪያ አይጠግንም። ይህን ምክር አይፈታውም፤ ሕግ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ የውኃ ማሞቂያዎች የኃይል ብቃት ደረጃቸውን የሚያሳይ መለያ ይለጠፍባቸዋል። ይኸው መረጃ በኪራይ ውል ላይም ይጻፍ፤ በርሜሉና ቧንቧው ያልለበሰ፣ ጣሪያው ክፍት የሆነ ቤትም አከራዩ በራሱ ወጪ ሳያስተካክለው አይከራይ።