በቁሙ የሸጣችሁት ሥራ

ወገኖቼ፣ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ስለምጨምር አትቀየሙኝ።

ባለፈው ጥር ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አጎቴ ባህር ዛፋቸውን ሲሸጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ደላላው ማሳውን አንዴ ዞረው። አንድ ግንድ እንኳ አቅፎ አልለካም። "አባባ፣ በቁሙ ስንት ይላሉ?" አጎቴ ሽቅብ ወደ ቅጠሉ አዩና አንድ ቁጥር ጠሩ። ትንሽ ተከራከሩ፤ ተጨባበጡ። ሰባት ዓመት ያደገ ዛፍ ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ ተሸጠ።

በማግስቱ ቆራጮቹ መጡ። መሃላቸው መጥረቢያ ተሸክሞ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአጎቴ የገዛ ልጅ። አባቱ ያሳደጉትን ዛፍ በቀን ሒሳብ ለደላላው ሊጥል መጥቷል። ጓንት የለው፣ የራስ መከላከያ የለው፣ እግሩ ላይ በረባሶ። ሲጥሉ ዋሉ፣ ሲልጡ ዋሉ፣ አጣናውን በትከሻ እስከ መኪና መንገድ አወጡ። አይሱዙው ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ነጎደ። ቅጠልና ጭራሮው ለእናቶች ጀርባ ተረፈ።

ከዚያ ማታ ቁጭ ብለን "ለልጆቹ ሥራ ጠፋ" እንላለን። ሥራውንማ በቁሙ ሸጠነዋል! የዛፍ ሥራ መጣል ብቻ መሰላችሁ? መቁጠር አለ። ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከቋሚው መለየት አለ። መሰንጠቅ፣ ማድረቅ፣ ማጓጓዝ አለ። ይህን ሁሉ ለደላላ አስረክበን ለልጆቻችን ያስቀረነው መጥረቢያውን ብቻ ነው። ከሁሉም አደገኛውንና ርካሹን።

አደገኛ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ዛፍ መቁረጥ በዓለም ላይ ሰው ከሚገድሉ ሥራዎች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነው። ደን በሚያውቁ አገሮች ሰንሰለት መጋዝ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ ይሠለጥናል። እኛ ጋ ዛፍ ተመልሶ እግሩን የሰበረው የሰፈራችን ልጅ አሁንም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ያሠራው ሰው ስልኩን አጠፋ። እኛ መዋጮ አዋጣንና እፎይ አልን። መዋጮው ጥሩ ነው፤ ግን አንዳችሁም "ያለ ጫማና ያለ ኮፍያ በኔ ማሳ ላይ ማንም አይቆርጥም" ስትሉ አልሰማሁም። ማሳው የናንተ ነው፤ ይህን ለማለት ማን ከለከላችሁ?

ደግሞ እናንተ ወላጆች። ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሦስት ዓመት በር ላይ ሲቀመጥ ታግሳችኋል። "መጋዝ ቤት ልግባ" ሲል ግን "ለዚህ ነው ያስተማርንህ?" አላችሁት። እንጨት ቆራጭ ስድብ ሆኖ ቀረ። የአለቀለት አልጋና ቁምሳጥን ሲሆን ግን ታከብሩታላችሁ።

በሌላው ዓለም ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2022 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጥናት በደንና በእንጨት ሥራ የሚተዳደረውን ሕዝብ 33 ሚሊዮን ገደማ አድርጎታል። ከዓለም ሠራተኛ አንድ በመቶ ያህል ማለት ነው። በስዊድንና በፊንላንድ ደግሞ ደን ውስጥ የሚቆርጥ ሰው ከዓመት ዓመት እየሳሳ መጥቷል። አንድ ሰው ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ዛፉን ይጥላል፣ ቅርንጫፉን ይመለምላል፣ በልኩ ይቆራርጣል። ሥራው ከመጥረቢያው ወጥቶ ወደ ማሽኑ፣ ወደ ጣውላ ቤቱ ሄዷል።

"ያ ማሽን የጣርማበርን ገደል አይወጣም" ብላችሁ አትጽናኑ። መምጣት አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች በአጣና ፋንታ በብረት መደገፍ ጀምረዋል። አጣና ብቻ የሚያውቅ ልጅ ያኔ ምን ይሠራል?

ጣውላ አውጡበት ስል የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። "ባህር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል።" አዎ ይጣመማል፤ በጥር ፀሐይ አስጥታችሁታላ! ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን ከፋይ እንጨት እየገባበት፣ ከላይ ክብደት ተጭኖት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ትዕግሥት ነው የጎደለን። ይኸው ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያለንን ዛፍ ማድረቅ ሳንማር ከውጭ የመጣ ኤምዲኤፍ፣ ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ፣ ገዝተን ቁምሳጥን እናሠራለን።

በዚህ መሃል አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሥራ ስል የጥንቱን የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ዝግባ መቁረጥ ማለቴ አይደለም። በሌሊት አህያ እየነዱ የሚገቡበት ሌብነት እንጂ ሥራ አይባልም። የመናገሻ ደን ዘር በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ከወፍ ዋሻ ሄደ እየተባለ ሲተረክ አድገናል። ለሌላ አገር ዘር የሰጠ ደን በኛ ዘመን ማገዶ ሆኖ ሲያልቅ ዝም አንበል። መንዞች የጓሳን የሣር መሬት እንዴት እንደጠበቁት ታውቃላችሁ። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ጠባቂ ያቆማሉ፤ ሲደርስ በሥርዓት ያጭዳሉ። ለሣር ይህን ያህል ሥርዓት ያወጣ ሕዝብ ለዛፍ አቃተው?

ችግኙም ያው ነው። ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ እንተክላለን። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አፈር በፕላስቲክ የሚሞሉት እህቶቻችን ሥራቸው በነሐሴ ያልቃል። ቀጥሎ የሚያርም፣ የሚጠብቅ ሰው አይቀጠርም። "ስንት ተከላችሁ?" ብሎ የሚጠይቅ ሞልቷል። "ማን ያሳድገዋል?" የሚል ግን የለም።

አይሱዙው ከሄደ በኋላ ከአጎቴ ጋር ማሳው ውስጥ ገባን። ጉቶው ከፍ ብሎ፣ ተቦጫጭቆ ቀርቷል። ዝቅ ብሎ፣ ዘንበል ተደርጎ በንጽሕና ካልተቆረጠ ውኃ ያቁራል፤ ቡቃያውም ደህና አይወጣም። "ጋሼ፣ ስንት ዛፍ ነበረዎት?" አልኳቸው።

"ብዙ" አሉኝ።

እንቁጠር ብዬ ጉቶ መቁጠር ጀመርን። መቶ ሃያ ላይ ስንደርስ ቆሙ። የማሳው ግማሽ ላይ እንኳ አልደረስንም።

"ተወው ልጄ" አሉኝና አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጡ።