የራቀ አምላክና ራሱን የሚተው ሰው

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «እግዚአብሔር ከዓለም የራቀው ስለወደደን ነው፤ የእኛም ምላሽ ራስን መተው ነው።»

ደጋፊ፦ ሐሳቡ የፈረንሳዊቷ ፈላስፋ የሲሞን ቬይ (1909–1943 እ.ኤ.አ.) ነው። ለእሷ መፍጠር ኃይልን ማሳየት አይደለም፤ ሁሉን የሞላው አምላክ ሌላው ይኖር ዘንድ ፈቀቅ አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን በገሊላዋ ከተማ በሳፌድ የነበረው አይሁዳዊ የምሥጢር መምህር ይስሐቅ ሉርያም ተቀራራቢ ነገር አስተምሯል። አምላክ በለቀቀው ስፍራ የሚገዛው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሕጉም ጻድቅና ኃጥእ አይለይም። ሰው «እኔ» ማለቱን በፈቃዱ ሲተው አምላክ ያደረገለትን ይመልሳል።

ተቃዋሚ፦ አነጋገሩ ያምራል፤ የሚያሠጋኝም ማማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በምድር መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ዕለቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፤ ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ጣሪያ ለወደቀበት ሰው «የራቀህ ስለወደደህ ነው» ሊሉት ነው? ለልጁ ቦታ የሚለቅ አባት ልጁ ገደል አፋፍ ሲደርስ ዘወር ይላል እንዴ?

ራስን መተው የሚሉት ደግሞ ይብሳል። ይህ ስብከት ሁልጊዜ ለማን ይደርሳል? ለጌታው ነው ለባሪያው? «እኔ» ማለት ጨርሶ ያልተፈቀደለትን ሰው ምኑን ተው ይሉታል?

ደጋፊ፦ ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቬይም አልሸሸችውም። እ.ኤ.አ. በ1934 እና 1935 ማስተማሯን አቋርጣ ፋብሪካ ገብታ ስትሠራ፣ መከራ የሰውን «እኔ» ከውጭ ሲሰብር በራሷ ላይ አየች። እንዲህ የተሰበረ ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ነገር አይተርፈውም፤ ከዚህ የከፋ የለም ባይ ናት። የሰጠና የተቀማ አንድ አይደሉም። ስለዚህ «ተው» የሚለውን ቃል ሰው ለራሱ እንጂ ለሌላው አይናገረውም። የተጎዳውን «ምን ደረሰብህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከልብም መስማት ነው። ለመከራው ምክንያት መደርደር የኢዮብ ወዳጆች ሥራ ነበር፤ እነሱም ተገሥጸውበታል።

ተቃዋሚ፦ ኢዮብን ካነሡ አይቀር፣ እሱ እኮ «እኔ» ማለቱን አልተወም! ተሟገተ፣ ከሰሰ፣ መልስ አምጣ አለ፤ ቅን ተናገረ የተባለውም እሱ ነው። (እጁን በአፉ ላይ መጫኑ አይካድም፤ ግን መልስ ከተሰጠው በኋላ ነው።) ደግሞስ የራቀ አምላክና የሌለ አምላክ የሚተዉት ዓለም አንድ ዓይነት ነው። መለያ ምልክቱን አልነገሩኝም።

ደጋፊ፦ ምልክት የለኝም። ቬይ ግን እግዚአብሔርን በሕይወታቸው ካላወቁት ሁለት ሰዎች ምናልባት የሚክደው ይበልጥ ይቀርበዋል ብላለች።

ተቃዋሚ፦ ይህማ መልስ አይደለም፤ ተቃዋሚን ወደ ራስ ጎራ መጎተት ነው። «ምልክት የለኝም» ያሉትን ግን ይዤዋለሁ።