«እያነበብኩት ነው» የሚባል ማዕረግ

አንዳንድ ሰው መጽሐፍ ያነባል። ሲጨርስ መደርደሪያው ላይ ይመልሰዋል። ካልጠየቃችሁት ስለ መጽሐፉ አያወራም። ስትጠይቁትም ትንሽ አሰብ አድርጎ «ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ግን ከበደኝ» ይላል። አለቀ። እንዲህ ያለው ሰው ለአገር ምን ይጠቅማል? አንብቦ የጨረሰ ሰው ቢያወራ ምን ይደንቃል? ጀግንነቱ ሳይጨርሱ ማውራቱ ላይ ነው።

ዛሬ ላመሰግናቸው የተነሳሁት እነዚህን ጀግኖች ነው። ታውቋቸዋላችሁ። ልብ ወለድ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ካፌ ይገባሉ። ማኪያቶ ያዛሉ። መጽሐፉን ከማኪያቶው አጠገብ፣ ርዕሱን ወደ ሰው አዙረው ያጋድሙታል። ፎቶ ያነሱታል። አይከፍቱትም፤ ከተከፈተ ርዕሱ አይታይማ! ከዚያ «እያነበብኩት ነው» ይላሉ።

ይህች ቃል ማዕረግ ናት። «አላነበብኩትም» ያለ ሰው ያፍራል። «አንብቤዋለሁ» ያለ ደግሞ ይፈተናል። «እያነበብኩት ነው» ያለውን ግን ማንም አይነካውም። ስለ መጀመሪያው ብትጠይቁት «እሱን ካነበብኩ ቆየሁ እኮ» ይላችኋል። ስለ መጨረሻው ልታወሩ ስትሉ «ኧረ በናታችሁ፣ እንዳታበላሹብኝ!» ብሎ ጆሮውን ይይዛል። መሃሉን ደግሞ ራሱ ይነግራችኋል።

አንድ ወዳጄን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ብቻ አንብቦ አስተያየት እንደሚሰጥበት ግን አልጠራጠርም።

የሚያነበውን ልብ ወለድ የገዛው ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲያልፍ ነው፤ መጻሕፍት ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ከሚዞር ልጅ። «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም «የፍቅር ነው፤ ፖለቲካም አለው። ሊያልቅ ነው፣ ውሰደው» አለው። ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ ወዳጄ ምን አለኝ? «ደራሲው ፍቅርን ከፖለቲካ ጋር ያሰናሰለበት መንገድ ይገርማል!» መጽሐፉ ገና ከፌስታሉ አልወጣም።

ማታ የምስጋናውን ገጽ አነበበ። በነጋታው «ለሚስቱ ያለው አክብሮት ሴት ገጸ ባሕርያቱ ላይ ይንጸባረቃል» አለኝ። ገጽ 20 ሲደርስ «አጀማመሩ ይጎትታል» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ገጽ 47 ደረሰ። እዚያው ሰፈረ። ለዕልባት ብሎ የባንክ ወረፋ ወረቀት ሰካባት። ወረቀቷ እስከ ዛሬ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ገጽ 47 ላይ ተቀምጦ ግን ያልዳኘው ነገር የለም። ፍሰቱ ልል ነው። መቼቱ አይጨበጥም። ገጸ ባሕርያቱ ሥጋ አልለበሱም። ከሁሉም የምትወደድለት ብይኑ «ድግግሞሽ ይበዛበታል» ናት። የቀረው ብይን ቢያንስ መጽሐፍ መምረጥ ይፈልጋል። ድግግሞሽ ግን እንደ ነጠላ ናት፤ ለሠርግም ለለቅሶም ትለበሳለች።

የድሮ አንባቢ ሲታሰበኝ አንጀቴን ይበላኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሰው በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን እንደሚገጥማቸው ለማወቅ የሚቀጥለውን ክፍል መጠበቅ ነበረበት። ያን ሁሉ ቀን ለአስተያየት አስቡት! ምን ያደርጋል፣ ሰዉ አልተጠቀመበትም። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ያወራ ነበር፣ ስለ ጉዱ ካሳ ያወራ ነበር፤ ማለትም ስለሰማው ነገር። ስላልሰሙት ክፍል መፍረድ ገና አልተፈለሰፈም።

በዚሁ መጽሐፍ የተነሳ የተቀየመኝ ሰው አለ፤ «መጨረሻውን ነገርከኝ» ብሎ። እያነበበው ነበረ። ደራሲው ርዕሱ ላይ «መቃብር» ብለው ጽፈውለታል። ፍቅሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ገና ሽፋኑ ላይ አድራሻው ሳይቀር ተነግሮታል። ያበላሸሁበት ግን እኔ ነኝ።

የ1975ቱ አንባቢ ደግሞ ይብሳል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ እጁ የገባለት ሰው ተደብቆ ያነብና ለሚያምነው ሰው በድብቅ ያቀብል ነበር። ልብ በሉ፤ ሙሉውን አንብቦ ዝም! ደራሲው ራሱ በ1976 እንደወጣ ቀረ፤ እስከ ዛሬ የገባበት አልታወቀም። ያኔ ልብ ወለድ መጻፍም፣ ስለ ልብ ወለድ ማውራትም ሒሳብ ነበረው። አሁን ሒሳቡ የማኪያቶ ብቻ ነው፤ እሱም ጋባዥ ከጠፋ።

እያነበቡ ያሉ ሰዎች መድረክም አላቸው። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኙ። አስተያየት ሰጪው ማይኩን ይቀበላሉ። «መጽሐፉ የደረሰኝ ትናንት ማታ ነው፤ ገና እያነበብኩት ነው» ይላሉ። ትሕትና ማለት ይኼ ነው። ከዚያ 40 ደቂቃ ይናገራሉ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሩሲያ ደራስያን፣ ስለ ዘንድሮ ትውልድ አለማንበብ። በተለይ ስለ ዘንድሮ ትውልድ አለማንበብ። ደራሲው ፊት ለፊት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ምን ያድርግ? አንድ ጊዜ እንዲያውም የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስም ሦስት ጊዜ ለዋወጡት። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምሳሌያዊ ይሆናል፣ ዝም በል ልጄ» አሉኝ።

«ፒዲኤፉ የለህም?» የሚሉትንም ሳላመሰግን አላልፍም። ከመካከላቸው አንዱ የአንድን ልብ ወለድ ፒዲኤፍ በነፃ ካገኘ በኋላ «ለዚህ ወረቀት ይኼን ያህል ብር!» ብሎ ሲማረር ሰምቻለሁ። የወረቀቱን ጥራት በስልኩ ስክሪን መርምሮት ነው።

ጠለቅ ያሉትም አሉ። እነዚህ ስለ ታሪኩ አያወሩም፤ ስለ ቴክኒኩ ነው። የደራሲው የአዳም ረታ ስም ከተነሳ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። «ሕጽናዊነት» ይላል አንዱ፣ የደራሲውን የአተራረክ ስልት ስም ጠርቶ። ጠረጴዛው ዝም ይላል። ደራሲው ሐሳቡን ከእንጀራ ጋር እንዳያያዘው ከሰው ሰምቷል። እንጀራ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በልቷል። ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል? ታሪኮቹ በእንጀራው ዓይኖች በኩል እንዴት እንደሚገናኙ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየነካካ ያስረዳል። መጽሐፎቹን? እያነበባቸው ነው። ሁሉንም፣ ባንድ ጊዜ።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት «ያን ልብ ወለድ አውሰኝ» አልኩት። ደነገጠ። «እያነበብኩት እኮ ነው!» አለ። በሦስት ቀን እንደምመልስ፣ ዕልባቷንም ከቦታዋ እንደማላነቃንቅ ምዬ ወሰድኩት።

ማታ ጀመርኩት። እውነት ለመናገር ይጥማል። አይጎትትም። ልጅቷ ከአባቷ ሱቅ ወጥታ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል ገጽ 48 አለቀ። ከጎኑ ገጽ 33። ልጅቷ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላለች። እንቅልፍ መሰለኝና ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። 34፣ 35፣ 36 እያለ እንደገና 48 ደረሰ። ልጅቷ እንደገና ልትሳፈር ነው። ቀጥሎ ገጽ 65 መጣ፤ ልጅቷ አግብታለች። ማተሚያ ቤቱ አንዱን 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ጠርዞ ተከታዩን 16 ገጽ ረስቶታል። (እኛ አገር መጽሐፍ መግዛት የለመደ ሰው በዚህ አይደነቅም። ከመክፈሉ በፊት ገጽ ይቆጥራል፤ ሎሚ እንደሚገዛ ሰው ጫን ጫን አድርጎ ያያል።) እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ ሲተነተን የከረመው መጽሐፍ ልጅቷን በየት በኩል እንዳጋባት አይናገርም። ያቺ የወረፋ ወረቀት አንድ ቅጠል ብቻ ወደፊት ብትራመድ ኖሮ ጉዱ በፈላ ነበር።

በነጋታው መጽሐፉን ይዤለት ካፌው ሄድኩ። ምንም ሳልናገር ፊቱ ዘረጋሁለት። 48። ከጎኑ 33።

ያፍራል ብዬ ነበር። ሰውዬውን እንዴት ንቄዋለሁ! መነጽሩን አስተካከለ። ገጹን ወዲህና ወዲያ አገላበጠው። ማኪያቶውን ፉት አለና ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ድግግሞሽ ይበዛበታል ብዬህ አልነበረም?»