ችግሩ መቆሚያው ሳይሆን መግቢያው ነው
በባቡር መጋጠሚያ ጣቢያ (ብዙ መስመሮች በሚገናኙበት ጣቢያ) ስላለው የባቡሮች መዘግየት የተጻፈው ጽሑፍ "ሁለት ፕላትፎርም (የባቡር መቆሚያ) ቢጨመር መዘግየቱ ይቀራል" ሲል የደረሰበት ድምዳሜ አያስኬድም። እንዲህ ያለውን ጣቢያ የሚያንቀው ብዙ ጊዜ መቆሚያው ሳይሆን ሐዲዶቹ የሚሰባሰቡበት መግቢያ ነው። 200 ሜትር የሚረዝም ባቡር 400 ሜትር መግቢያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ጭራው እስኪወጣ 54 ሰከንድ ይፈጃል፤ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞሩት የሐዲድ መቀየሪያዎች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለማለፍ በሚሆኑ ረጃጅሞች ቢተኩ 36 ሰከንድ። ረጃጅሞቹ ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ በእቅድ ላይ ቶሎ የሚሰረዙትም ለዚህ ይመስለኛል። የሲግናል ሥርዓቱም አለ፦ ብዙዎቹ አሮጌዎች ባቡሩ መንገዱን ጨርሶ እስኪለቅ መንገዱን በሙሉ ለሌላ ባቡር እንደቆለፉ ይቆያሉ፣ አዲሶቹ ጭራው ያለፈበትን ክፍል ወዲያው ይፈታሉ። በጽሑፉ ሥር "ኮምፒውተር ከገባ ብልሽት የለም" ብለው አስተያየት ለሰጡት፦ በመቀየሪያው ምላስ (በሚንቀሳቀሰው ሐዲድ) እና በዋናው ሐዲድ መካከል አንድ ጠጠር ከገባ ምላሱ በደንብ መግጠሙ አይረጋገጥም፤ ሠራተኛ ወርዶ እስኪያወጣው ሲግናሉ ቀይ ነው።