«መጀመሪያ ቅዱስ ሁን» የሚባለው ልክ አይደለም

ወንድሜ፣ «ክርስቶስን ሳይመስሉ ለስብከት ወደ ገጠር መውጣት ድፍረት ነው» ያልከውን አነበብኩት። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፣ ግን ልክ አይደለም። ማርቆስን ተመልከት። የሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ጳውሎስንና በርናባስን ጵንፍልያ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ፤ በኋላም በእሱ የተነሳ ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ። በርናባስ ግን ተስፋ አልቆረጠበትም፣ ይዞት ቆጵሮስ ሄደ። ዓመታት አልፈው ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል» ብሎ ጻፈለት። ልጁ የበሰለው እያገለገለ ነው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይደለም።

እኛ ጎጃም ደግሞ ይሄ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ ወይ ከሞጣ የወጣ ወጣት ጭቃ ሲረግጥ ውሎ አንድ ገበሬ ቤት ይደርሳል። የቤቱ እናት ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጥተው፣ እሱ «ኧረ በማርያም፣ ይተዉ!» እያለ፣ ጎንበስ ብለው እግሩን ያጥቡታል። ስለ ትሕትና ሊያስተምር የመጣው ልጅ ዮሐንስ 13ን፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ምዕራፍ፣ የሚማረው እዚያ ነው። ለማስተማር እውቀትና የአባቶች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱ ላይ አልከራከርህም። ፍጹምነትን ቅድመ ሁኔታ ካደረግከው ግን ጌታውን የካደው ጴጥሮስም አያልፍም። እባክህ ልጆቹን «ገና ናችሁ» እያልክ አታስቀራቸው፤ ከቻልክ አንተም አብረሃቸው ውጣ።